ፕሬፕ ለምትወስዱ፦ ክሊኒኩ ጥሩ ነው፣ አፑ ግን ያስደነግጣል

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አራቱ ለነርሷና ለሐኪሟ ነው። የጎደለችው አንዷ የደም ውጤታችንን ስልካችን ላይ የሚያሳየን የክሊኒኩ አፕ ጥፋት ናት።

ክሊኒኩ ሜሪላንድ ውስጥ ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ ወጣ ይላል። ስሙን እዚህ አልጽፍም። አንደኛ ቅሬታም አለኝ፣ ሁለተኛ ደግሞ እዚያ የምንመላለስ አበሾች ጥቂት አይደለንም። ለምን ፕሬፕ ትወስዳለህ ብሎ መጠየቅ ለሚፈልግ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ የራሴ ጉዳይ ነው። ይህን የምጽፈው እንደኔ ለሚወስዱና የደም ውጤታቸውን ስልካቸው ላይ አይተው ግራ ለሚገባቸው ነው። በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ ወሬው ብዙ ነው፣ ቁም ነገሩ ግን ጥቂት።

ለማያውቅ ባጭሩ። ፕሬፕ ኤችአይቪ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ አስቀድሞ የሚወስደው መድኃኒት ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ክኒን ትሩቫዳ በ2012 ተፈቀደ፣ በ2019 ዴስኮቪ ተከተለ፣ በ2021 መጨረሻ በየሁለት ወሩ የሚወጋው አፕሬቱድ መጣ፣ በ2025 ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋው ሌናካፓቪር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ክኒኑን በየቀኑ በአግባቡ የወሰደ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የመያዝ ዕድሉ 99 በመቶ ያህል ይቀንሳል። እኔ የምወስደው የትሩቫዳን ጀነሪክ ነው፣ ያው መድኃኒት ያለ ብራንድ ስሙ። ሰማያዊ፣ ትልቅ፣ በባዶ ምራቅ የማይዋጥ ክኒን።

ክኒኑን ማንም ሊጽፍላችሁ ይችላል። ዛሬ በቪዲዮ አምስት ደቂቃ አውርተው ወደ ፋርማሲ የሚልኩላችሁ ሞልተዋል። አንዱ ክሊኒክ ከሌላው የሚለየው የደም ውጤታችሁን እንዴት እንደሚያነብ ነው። የምመዝነውም በዚህ ነው።

ቀጠሮው በየሦስት ወሩ ነው። ስትገቡ ነርሷ ከደም በፊት ጥያቄ ትጀምራለች። ክኒን ያመለጠህ ቀን አለ? ስንት ቀን? ባለፉት አራት ሳምንታት ሊያሰጋህ የሚችል ነገር ነበር? ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ፣ የአንገት ወይም የብብት ዕጢ እብጠት? መጀመሪያ ሰሞን ጥያቄው ያሰለቸኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የደም ውጤት ያለ እነዚህ መልሶች ግማሽ ነው። ኤችአይቪ ገና ሲገባ ብዙ ሰው ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ጉንፋን የሚመስል ሕመም ያመጣል፣ ምርመራው ግን በዚያን ሰዓት ገና ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ አፋችሁ የሚናገረው ከደማችሁ ሊቀድም ይችላል። ክኒን ረስታችሁ ከሆነ ረሳሁ በሉ። ነርሷ አትቆጣም፣ ትጽፈዋለች እንጂ።

ነርሷ አበሻ ናት። መጀመሪያ ሳያት ወደ መኪናዬ ልመለስ ምንም አልቀረኝም። እዚህ አካባቢ ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ የምትኖሩበት ታውቁታላችሁ። እሷም ገብቷታል መሰለኝ በሩን ዘጋ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ እዚህ የምትለው እዚሁ ይቀራል። ውጪ ብንገናኝ ቀድመህ ካልሰላምከኝ አልሰላምህም» አለችኝ። አንድ ቀን አበሻ ግሮሰሪ ውስጥ እንጀራ ስታነሳ ተያየን። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፣ ሒሳቧን ከፍላ ወጣች። ለዚህ ብቻ አንድ ሙሉ ኮከብ ይገባታል።

ከደሙ ጋር የኩላሊት ምርመራ፣ ቂጥኝ፣ ጨብጥና ክላሚዲያም ይታያል። ኩላሊቱ የሚታየው ክኒኑ ውስጥ ባለው ቴኖፎቪር ምክንያት ነው። ስትጀምሩ ደግሞ ሄፓታይተስ ቢ ይታያል፣ መድኃኒቱ የጉበቱንም ቫይረስ ስለሚጫን ድንገት ስታቆሙት ጉበት ሊቆጣ ይችላል። ይህን ያልጠየቃችሁ ክሊኒክ ካለ ጠርጥሩት።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። የኤችአይቪ ምርመራ አንድ ዓይነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። በቪሲቲ ዘመን ያደግን ሰዎች ጣት ተወግተን፣ አስራ አምስት ደቂቃ ወንበር ላይ ተቁነጥንጠን፣ «ነጻ ነህ» ተብለን መውጣት ነው የምናውቀው። ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ መባሉንም እናስታውሳለን፣ ዊንዶው ፔሬድ ይሉት ነበር። ያ ምርመራ የሚፈልገው አንቲቦዲን ነው፣ ማለትም ሰውነታችን ቫይረሱን ሲያይ የሚያመርተውን መከላከያ። አንቲቦዲ ብቻ የሚያይ ምርመራ ከተጋለጡ በኋላ ከ23 እስከ 90 ቀን ድረስ ላያሳይ ይችላል። ክሊኒካችን ከክንድ ቀድቶ ወደ ላብ የሚልከው ግን ከአንቲቦዲው ጋር የቫይረሱን የራሱን ፕሮቲን፣ ፒ24 የሚባለውን አንቲጅን፣ አብሮ ይፈልጋል። ይኼኛው ከ18 እስከ 45 ቀን ውስጥ ያገኛል። ሦስተኛው አርኤንኤ ነው፣ ቫይረሱን ራሱን የሚቆጥር፣ አገር ቤት ቫይራል ሎድ በሚል ስሙ የምናውቀው። እሱ ከ10 እስከ 33 ቀን ውስጥ ይደርስበታል።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ቀናት የሚሠሩት ምንም መድኃኒት ለማይወስድ ሰው ነው። ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው።

ፕሬፕ እየወሰደ የሚያዝ ሰው በጣም ጥቂት ነው፣ ብዙዎቹም ክኒኑን እያቋረጡ የወሰዱ ናቸው። ግን አለ። ያ ሰው ሰውነት ውስጥ ቫይረሱ እንደልቡ አይራባም፣ መድኃኒቱ ይዞታላ። ቫይረሱ ካነሰ ፒ24ም ያንሳል። አርኤንኤውም አንሶ ማሽኑ ከሚያየው በታች ሊወርድ ይችላል። ሰውነትም ብዙ ጠላት ስላላየ አንቲቦዲ ለማምረት አይቸኩልም። ስለዚህ ምርመራው ሊዘገይ ይችላል። ደብዛዛ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ዛሬ ሪአክቲቭ (የምፈልገው ነገር ያለ ይመስላል) ብሎ በሌላ ሳምንት ነን ሪአክቲቭ (የለም) ሊል፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ማረጋገጫ ምርመራም «አልለየም» ብሎ ሊመለስ ይችላል።

በዚያው ልክ ደግሞ የተገላቢጦሹ አለ፣ እሱ ነው የኔ ዕጣ የሆነው። ሐኪሟ ወረቀት ላይ እንዲህ ሠርታ አሳየችኝ። ፕሬፕ በአግባቡ የሚወስዱ 1000 ሰዎች አሉ እንበል። ምርመራው ቫይረሱ የሌለበትን ሰው 99.8 በመቶ በትክክል የለበትም ይላል እንበል፣ ይህ በጣም ጎበዝ ምርመራ ነው። እንደዚያም ሆኖ 2 ሰዎች በከንቱ ሪአክቲቭ ይወጣሉ። መድኃኒቱ ስለሚሠራ ከ1000ው ውስጥ በእውነት የተያዘ አንድ ሰው ቢኖር ነው፣ ላይኖርም ይችላል። ስለዚህ ሪአክቲቭ ከተባሉት የሚበዙት ቫይረሱ የሌለባቸው ናቸው ማለት ነው። ብዙ የታመመ ሰው ባለበት ቦታ ያው ምርመራ ያው ሪአክቲቭ ሌላ ክብደት አለው። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ግን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አሁን ስለ አፑ።

አርብ ማታ ነው። ሬገን ኤርፖርት የመኪኖች መጠበቂያ ቆሜ ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ነበር። ስልኬ ጮኸ። አዲስ የላብ ውጤት አለዎት ይላል። ከፈትኩት። «ኤችአይቪ አንቲጅን/አንቲቦዲ፦ ሪአክቲቭ» የሚል መስመር፣ ጎኑ ላይ ቀይ ቃለ አጋኖ፣ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «የማረጋገጫ ምርመራ በሂደት ላይ»። ሌላ ምንም የለም። ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ አንድ ዓረፍተ ነገር የለም፣ የሚደወልበት ቁጥር የለም። ደሜ ቀጥ አለ። ተሳፋሪው መጣ፣ ሻንጣውን ራሱ ጫነ፣ እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ክሊኒኩ ጋ ስደውል ማሽን አነሳው፤ አስቸኳይ ከሆነ 911 ይደውሉ፣ ካልሆነ ሰኞ ይደውሉ። ቅዳሜና እሁድ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ውጤቱ በዚያ ፍጥነት መውጣቱ የክሊኒኩ ክፋት እንዳልሆነ በኋላ ገብቶኛል። ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ ውጤት እንደወጣ ወዲያውኑ ለታካሚው መታየት አለበት፣ ሐኪሙ አየውም አላየውም። ደንቡን በመርህ ደረጃ እደግፋለሁ፣ ደሜ የኔ ነው። ግን ቀይ ምልክት ለማስቀመጥ ጊዜ ያገኘ አፕ «ይህ የመጨረሻ ውጤት አይደለም፣ ሁለት ምርመራ ይቀረዋል» የሚል አንድ መስመር ለመጻፍ ምን አቃተው? ክሊኒኩም ቢሆን ለቅዳሜና እሁድ የሚያነሳ አንድ ሰው አጥቶ ነው? ኮከቧ የሄደችው እዚህ ነው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሁለተኛ መስመር ተጨመረ። ላቡ መጀመሪያ ሪአክቲቭ ሲያገኝ አንቲቦዲው የኤችአይቪ 1 ነው የኤችአይቪ 2 ብሎ የሚለይ ሌላ ምርመራ ይሠራል። እሱ «ኔጌቲቭ» አለ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ይህን ያየ ሰው ምን ይበል? ሁለቱ ሲጋጩ ዳኛው አርኤንኤው ነው፣ እሱ ደግሞ ገና አልመጣም።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ሳይከፈት ነርሷ ደወለች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «አይዞህ፣ አርኤንኤው አልተገኘም ብሏል፣ ዛሬ ና» አለችኝ። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ነው አራቱን ኮከብ ያስገኘው።

ሐኪሟ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። ፕሬፕ የማይወስድ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል አለች፤ የመጀመሪያው ሪአክቲቭ፣ ማረጋገጫው ኔጌቲቭ፣ አርኤንኤው የለም፣ ስለዚህ የመጀመሪያው በስህተት ነው የጮኸው። ያንተ ደም ውስጥ ግን መድኃኒቱ አለ። አርኤንኤው የጠፋው ቫይረስ ስለሌለ ነው ወይስ መድኃኒቱ ስለተጫነው? ይህን በአንድ ቀን ደም ብቻ መመለስ አልችልም አለችኝ። እንዲህ በግልጽ የሚናገር ሐኪም እወዳለሁ።

ከዚያ ነገሩን ከሌላ ነገር ጋር ታገናኘው ጀመር። የፋርማሲ ሪኮርዴን አየች፣ በየወሩ በሰዓቱ አንስቻለሁ። ያመለጠኝ ክኒን እንደሌለ ጠየቀችኝ። ሕመም አልነበረኝም። የላቡ ማሽን ከሪአክቲቭ ጀርባ ቁጥር አለው፣ ከ1.0 ካለፈ ሪአክቲቭ ይለዋል። የኔ ከመስመሯ ትንሽ ብቻ ያለፈ ነው። በእውነት የተያዘና መድኃኒት የማይወስድ ሰው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከዚያ በጣም ይርቃል። ዝቅ ያለ ቁጥር ብቻውን አያድንም፣ ምክንያቱም ፕሬፕ ላይ እያለ ገና የተያዘ ሰውም ዝቅ ያለ ሊያወጣ ይችላል። ቢሆንም ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚያሳየው አለች።

ምርጫዎቹን ዘረዘረችልኝ። አንዱ ፕሬፑን ሳያቋርጡ አዲስ ደም ሰጥቶ መድገም ነው። ሁለተኛው ጥርጣሬው ከበረታ ሦስተኛ መድኃኒት ጨምሮ ነገሩ እስኪጣራ ሙሉ ሕክምና ማድረግ። ሦስተኛው መድኃኒቱን ለጊዜው አቁሞ ደሙ ምን እንደሚል እየተከታተሉ መጠበቅ፣ ይህ ግን ያለ ሐኪም አይሞከርም፣ ባቆማችሁበት ሰሞን ጥበቃ የላችሁም። እኔ ዘንድ የተመረጠው የመጀመሪያው ነው።

ሦስተኛ መድኃኒት ለምን ያስፈልጋል ብዬ ጠየቅኳት። ፕሬፑ ክኒን ውስጥ ያሉት ሁለት መድኃኒቶች ናቸው፣ ላልተያዘ ሰው ይበቃሉ፣ ለተያዘ ሰው ግን አይበቁም። የተያዘ ሰው በሁለቱ ብቻ ከቀጠለ ቫይረሱ ይለማመዳቸዋል። በ2010 የወጣው አይፕሬክስ የሚባለው ትልቅ ጥናት 2,499 ሰዎች ነበሩበት። ሲጀምሩ ምርመራው ያላያቸው፣ በኋላ ግን ያኔውኑ ተይዘው እንደነበር የታወቀ 10 ሰዎች ተገኙ። ከእነሱ መካከል ለማወዳደሪያ የሚሰጠው ባዶ ክኒን ሳይሆን እውነተኛው የደረሳቸው 2 ነበሩ፣ የሁለቱም ቫይረስ ከክኒኑ ሁለት መድኃኒቶች አንዱን፣ ኤምትሪሲታቢንን፣ የተለማመደ ሆኖ ተገኘ። ፕሬፕ ከመጀመራችሁ በፊት ባለው አንድ ሳምንት ውስጥ የተደረገ ኔጌቲቭ ውጤት አምጡ የምትባሉት ለዚህ ነው። እኔ ለቢሮክራሲ መስሎኝ ነበር ስነጫነጭ የከረምኩት።

አዲሱ ደም ነን ሪአክቲቭ ወጣ። አርኤንኤውም እንደገና የለም አለ። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ተደገመ፣ ያው ነው። ፋይሌ ላይ «በስህተት ሪአክቲቭ» ተብሎ ተጻፈ፣ ሐኪሟም ኮፒውን አትማ ሰጠችኝ። ሌላ ክሊኒክ ብሄድ ወይ ድንገተኛ ክፍል ብገባ ያው ነገር እንዳይደገም ነው። ይህን ወረቀት ሳትጠየቅ መስጠቷ ትልቅ ነገር ነው፣ እናንተም ጠይቁ።

የቤት ኪቱን ደግሞ ለየብቻ ልገምግመው። ኦራክዊክ ነው፣ ፋርማሲ 40 ዶላር አካባቢ ይሸጣል፣ አንዳንድ የጤና ቢሮዎች በነጻ ይልካሉ። አጠቃቀሙ እንደ ምርት አሪፍ ነው። ጠፍጣፋዋን ጫፍ የላይኛውን ድድ አንዴ፣ የታችኛውን ድድ አንዴ ታስነካላችሁ፣ ትንሿ ጠርሙስ ውስጥ ትከቷታላችሁ፣ 20 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ከ40 ደቂቃ በላይ ከቆየ አታንብቡት። ሲ (C) የሚለው ፊደል ላይ ብቻ አንድ መስመር ካለ ኔጌቲቭ ነው። ቲ (T) ላይም ከታየ፣ የቱንም ያህል ደብዝዞ ቢታይ፣ ሪአክቲቭ ነው፣ ወደ ክሊኒክ ትሄዳላችሁ። ሲ ላይ ምንም ካልመጣ ኪቱ አልሠራም። ምንም ደም የለም፣ ምንም መርፌ የለም፣ ማንም አያያችሁም። ለብዙ አበሻ ይህ ብቻ ዋጋውን ያወጣል።

ፕሬፕ ለሚወስድ ሰው ግን ኪቱን በክሊኒክ ቦታ አልተካውም። የሚፈልገው አንቲቦዲ ብቻ ነው፣ እሱንም ከአፍ ነው የሚወስደው፣ አፍ ውስጥ ደግሞ አንቲቦዲው ከደም ያንሳል። ኩባንያው ራሱ ማሸጊያው ላይ ከ12 የተያዙ ሰዎች አንዱን ሊያልፍ እንደሚችል ጽፏል፣ ያውም ሰው ቤቱ ሲጠቀምበት ተለክቶ። የአሜሪካው የፕሬፕ መመሪያም ፕሬፕ ለመጀመር የአፍ ምርመራ አይበቃም ይላል። ለአጋር፣ ለጓደኛ፣ ክሊኒክ በር ላይ መታየት ለማይፈልግ ዘመድ ግን ደጋግሜ እመክረዋለሁ። ኮከብ ከተባለ፣ ፕሬፕ ለማይወስድ ሰው አራት፣ ለኛ ሁለት።

ወደ መርፌው ልቀይር ብዬ ጠይቄ ነበር። ክሊኒኩ አፕሬቱድም ይሰጣል። ሐኪሟ አልከለከለችኝም፣ ግን የውጤቱን ነገር ቀድማ ነገረችኝ፣ ይህን ከሌላ ቦታ አልሰማሁትም። የመርፌው መድኃኒት ጠንካራ ነው፣ ሰውነት ውስጥም ብዙ ይቆያል፣ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊገኝ ይችላል። ኤችፒቲኤን 083 የሚባለው ጥናት ውስጥ መርፌው ላይ እያሉ የተያዙ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፣ ከእነሱም አንዳንዶቹ ላይ ተራው ምርመራ ለወራት ምንም ሳያሳይ ቆየ። በዚህ ምክንያት የአሜሪካው የ2021 መመሪያ በየጉብኝቱ አርኤንኤ ጨምሩ አለ። ኋላ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ታየ፤ ሌላው ሁሉ ኔጌቲቭ ሆኖ አርኤንኤው ብቻውን ትንሽ ነገር አገኘሁ ሲል እሱም ራሱ ስህተት ሊሆን ይችላል። መርፌው ይዘገያል፣ ሰው ይጨነቃል፣ ገንዘብ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በጁላይ 2025 ሌናካፓቪርን ሲመክር ለመርፌዎቹ ፈጣን ምርመራ ይበቃል ያለው የአርኤንኤ ማሽን የሌላቸው አገሮች መድኃኒቱ እንዳይቀርባቸው ብሎ ነው። እኔ በበኩሌ ትክክል ይመስለኛል። ሌናካፓቪር ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ ውስጥ በወጣት ሴቶች ላይ ሲሞከር መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ውስጥ አንድም የተያዘ አልተገኘም። እንዲህ ያለ መድኃኒት ማሽን በመጠበቅ መደርደሪያ ላይ ሊቀር አይገባም።

አገር ቤት ለምትሄዱ። እዚያ አንድ ሰው ኤችአይቪ አለበት የሚባለው በአንድ ሪአክቲቭ ብቻ አይደለም፣ ፈጣን ምርመራዎቹ በቅደም ተከተል ይሠራሉ፣ አንዱ ሌላውን እያጣራ። አርኤንኤ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ሕክምና ላይ ላሉ ሰዎችና ለሕፃናት ነው። ስለዚህ እዚያ የምትመረመሩ ከሆነ፣ ለጋብቻ ቤተ ክርስቲያን ጠይቃችሁም ይሁን ለሌላ፣ ፕሬፕ እየወሰድኩ ነው ብላችሁ ለባለሙያው ንገሩ። ፕሬፕ ኢትዮጵያ ውስጥም አለ፣ የተጀመረው በወሲብ ንግድ ለሚተዳደሩ ሴቶችና አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጌቲቭ ለሆኑ ጥንዶች ስለሆነ ግን ሁሉም ጤና ጣቢያ የለመደው አይደለም። ሌላም አለ፤ ክኒናችሁ ውስጥ ያለው ቴኖፎቪር እዚያ በሕክምናው ክኒን ውስጥም አለ። ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ብልቃጡን አንብቦ የራሱን ታሪክ ሊሠራ ይችላል። ብልቃጡን ከነመለያ ወረቀቱ ያዙ፣ የሐኪም ደብዳቤም አይከፋም። ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ዘመዶች ያሏችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፤ እዚያ ለመኖሪያ ፈቃድ የኤችአይቪ ምርመራ ግዴታ ነው፣ አንድ ሪአክቲቭ መስመር እንጀራ ሊያሳጣ ይችላል፣ ስለዚህ ማረጋገጫው ሳይሠራ ውጤት ነው ብለው እንዳይቀበሉ።

ገንዘቡ ላይ ብዙ አልቆይም። ጀነሪኩ ያለ ኢንሹራንስም ቢሆን በኩፖን በወር ከ30 ዶላር በታች ይገኛል። ኢንሹራንስ ካላችሁ ክኒኑም፣ ቀጠሮውም፣ የላብ ምርመራውም በነጻ መሆን አለበት፣ ይህ በ2019 በተሰጠው ምክረ ሐሳብና በ2021 በወጣው የፌዴራል ማብራሪያ የተቀመጠ ነው። እኔን ግን ያ ሁሉ ጭንቀት ሳያንሰኝ ለተደጋገመው ምርመራ ከላቡ ቢል መጣልኝ። ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ፣ የመከላከያ ምርመራ መሆኑን የሚያሳየው ኮድ አልገባም ነበር፣ አስተካክለው ላኩት፣ ቢሉ ጠፋ። ቢል ሲመጣ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ።

ትንንሽ ነገሮች። የስልክ አስተርጓሚ በአማርኛ አለ፣ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ፣ በቀኑ ብትጠይቁ ያስጠብቃችኋል። ፓርኪንግ ከሕንፃው ጀርባ ነጻ ነው። መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ይህንን ነግሬያቸው አሁን በቁጥር መጥራት ጀምረዋል። አፑ ውስጥ ማሳወቂያውን ማጥፋት ይቻላል፣ እኔ አጥፍቼዋለሁ፣ ነርሷ እስክትደውል አልከፍተውም።

ደማችሁን ደግሞ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ስጡ። ሐሙስና አርብ የሰጣችሁት ውጤት ክሊኒኩ ተዘግቶ ነው የሚወጣው።